ጠፈርተኛው ገባ ወይ?

በዚያ ዘመን ናይሮቢ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሲገናኙ ከጤና ይስጥልኝ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «እንዴት ወጣህ?» የሚል ነበር። ልብ በሉልኝ፣ «ለምን ወጣህ?» አይደለም። ለምን እንደወጣህማ ለማን ይጠፋል? ሁላችንም የሸሸነው ያንኑ ደርግን ነው። የሚያጓጓው አወጣጥህ ነው። በጭነት መኪና ከሸራ ሥር ተኝተህ ነው፣ በግመል ነው፣ ወይስ ለሠርግ የሚሄድ ዘመድ መስለህ በአውቶቡስ? አንዳንዱማ አወጣጡን ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሳ ታሪኩ እጁ ላይ ያድግበት ነበር። አንድ የማውቀው ሰው መጀመሪያ ሲያወራልኝ መንገድ ላይ ያጋጠመው አንድ ጅብ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሩቅ። ቆይቶ ለሌላ ሰው ሲያወራ ስሰማው ጅቡ መንጋ ሆኗል፣ አንበሳም ተጨምሯል። አልታዘብኩትም። ስደተኛ ሌላ ምን የሚያሳድገው ሀብት አለው?

ብቻ ስለ መውጣት ሁላችንም ሊቃውንት ነበርን ለማለት ነው። ስለ መግባት ግን የሚያወራ አልነበረም። የገባ ሰው ምን ወሬ አለው? ገባ፣ እግሩን ታጠበ፣ ተኛ። ይህን ለመስማት ማንም ወንበር ስቦ አይቀመጥም። እኔም ራሴ መግባት የሚባለው ነገር ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ የተገለጠልኝ፣ ስሙን በቅጡ መጥራት የማልችለው አንድ ፈረንጅ ወጥቶ ይግባ አይግባ ለማጣራት ናይሮቢን ላይ ታች ስል በዋልኩ ጊዜ ነው። ወጣ ስላችሁ ከቤቱ እንዳይመስላችሁ። ከመንኮራኩሩ ነው። የወጣውም ወደ ጠፈር ነው።

የምኖረው ናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር፣ አደይ ለተብርሃን ቤት ነበር። ቤቱ በርግጥ የሳቸው አይደለም፤ ምድር ቤት ሱቅ ካለው አንድ ሶማሌ የተከራዩት ነው። ነገር ግን ክፍሎቹን ለእኛ ለስደተኞቹ መልሰው የሚያከራዩን፣ የሚያበሉን፣ ስናመሽም የሚቆጡን እሳቸው ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ «የአደይ ቤት» ነው የሚለው። አደይ ማለት በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፤ ከእኛ መሀል ትግርኛ የሚያውቅ ባይኖርም ሌላ ስም አልጠራንላቸውም። አሥመራ ተወልደው መርካቶ የኖሩ ሴት ናቸው። አማርኛቸው የመርካቶ፣ ቁጣቸው የአሥመራ፣ ፓስታቸው ደግሞ ጣሊያን ራሱ ቢቀምሰው አገሩን የሚጠራጠርበት ነበር።

አደይ አንድ ልጅ አላቸው። ዮሐንስ ይባላል፤ እሳቸው ሲወጡ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ የቀረ ጎረምሳ ነው። ይህ ነገር ከመሆኑ ሳምንታት ቀደም ብሎ አንድ ሾፌር በሰው በሰው አንዲት ቃል አድርሶላቸው ነበር፦ «ዮሐንስ ወጥቷል።» በቃ፣ ይቺው ናት። በየት በኩል፣ ከማን ጋር፣ ወዴት፣ የሚል ነገር የለውም። ከዚያ ወዲያ ወሬ ጠፋ። ከሞያሌ የሚመጣ ሁሉ ተጠየቀ፤ ያየው የለም። ቀስ በቀስ እኛም መጠየቁን ፈራነው። አደይም ስሙን ማንሳት ተዉ። ቀን ቀን ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ያያሉ። ዓይናቸው ሲቀላ ያየ ሰው ሽንኩርቱ ነው ብሎ ያልፋል። ማታም ቢቀላ ሽንኩርቱ ነው እንላለን።

ቴሌቪዥኑ ከፓርክላንድስ፣ ከአንድ ህንድ ሱቅ የተገዛ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ነው። አንቴናው በጎኑ የተመታ ይመስል ያዘነበለ፣ ድምፁ ከምስሉ የሚሻል። አንድ ምሽት ራት በልተን፣ እኔና አደይ ከሌሎቹ ተከራዮች ጋር ዜናውን እናያለን። መቼም የዜናው ጭራ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ አስገራሚ ነገር አይጠፋም። ያን ቀን የመጣው አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ጭንቅላቱ እንደ እንስራ የከበደ ሰው ከአንዲት ጠባብ በር እንደ እርጉዝ አባጨጓሬ ቀስ እያለ ሲወጣ ነበር። ከበታቹ ምድር፣ ከበላዩ ጨለማ።

«ይሄ ሰውዬ የት ነው ያለው?» አሉ አደይ።

«ጠፈር ላይ ነው አደይ።»

«ለምን ወጣ?»

ተመልከቱ እንግዲህ። በዚያ ከተማ «ለምን ወጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «የተበላሸ ነገር ሊጠግን ይመስለኛል» አልኳቸው።

«ውስጥ ሆኖ አይጠግንም?»

«የተበላሸው ውጭ ያለው ነው።»

ሰውዬው የመንኮራኩሩን እጀታ ይዞ ቆየና፣ አንድ እጁን ለቀቀ። ከዚያ ሁለተኛውን ለቀቀ። በባዶው ላይ ተንሳፈፈ። አደይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። የእኛ ብቻ አይደለም፣ መንገዱ ሁሉ ጨለመ። ከየመስኮቱ «ስቲማ! ስቲማ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ ኬንያውያን መብራቱን እንዲህ ነው የሚጠሩት፤ ሲሄድም ሲመጣም ስሙን ጠርተው ይጮሁበታል። ጩኸቱ በረድ ሲል ከጨለማው ውስጥ የአደይ ድምፅ መጣ።

«ገባ?»

«ይገባላ አደይ፣ የት ይሄዳል?»

«ሲገባ አየኸው?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያውስ!» አሉና ሻማ ሳያበሩ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት መብራቱም አልመጣ፣ ከማእድ ቤትም የድስት ድምፅ የለ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሁላችንም እጃችንን ታጥበን ገበታው ዙሪያ ተቀመጥን። ገበታው ላይ ያለው ጨው ብቻ ነው። አደይ ነጠላቸውን ተከናንበው ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል። የልባችንን ደፍሮ የሚናገር ጠፋና በመጨረሻ እኔ «ምሳስ አደይ?» አልኩ።

ዘወር ብለው አዩኝ። «ያ ሰው ደጅ ተንጠልጥሎ እኔ ሽንኩርት ልከትፍ?»

ማንም አልሳቀም። ደጅ የተንጠለጠለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከምሳ የቀረ ቤት ወዲያው ሸንጎ ይሆናል። ተከራዮቹ ኮሪደር ላይ ተሰብስበው መከሩና እኔን መረጡ። ምክንያታቸው ደሴ እያለሁ ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው። አሁን የማስተምረው እዚያው ሰፈር፣ ወረቀት ለሚጠብቁ ስደተኞች እንግሊዝኛ ቢሆንም «ቲቸር» የሚለው ስም አለቀቀኝም። ጂኦግራፊ ከምድር በላይ አያልፍም ብዬ ተከራከርኩ። የራበው ሰው ክርክር አይሰማም። ማታቱ በሚሏት ሚኒባስ አሳፍረው ላኩኝ።

መሀል ከተማ የአንድ የውጭ አገር የባህል ማእከል ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ጸጥ ያለ፣ ስደተኛው ሁሉ ጋዜጣ እያነበበ የሚመስል ግን እንቅልፉን የሚጨርስበት። የሳምንቱን ጋዜጦች በሙሉ አወረድኳቸው። ሰውዬው አለ! የፊት ገጽ ላይ፣ ያ እንስራ ራስ፣ ባዶው ላይ ተንሳፍፎ። ስሙም፣ አገሩም፣ ያገባ መሆኑም ተጽፏል። ስለ መግባቱ ግን አንዲት መስመር የለም። የማግስቱን ጋዜጣ ገለበጥኩ፤ የኳስ ውጤት ነው። የሦስተኛውን ገለበጥኩ፤ የቡና ዋጋ። የወጣ ጊዜ የፊት ገጽ ሙሉ የሰጡት ሰዎች ሲገባ አንዲት ጥግ ነፍገውታል። ጋዜጠኛ መቼም ሲወጡ እንጂ ሲገቡ አያይም።

ባዶ እጄን መመለስ ስላልፈለግኩ ስለ ጠፈር የሚያወራ አንድ ወፍራም መጽሔት ያዝኩና ቁጭ አልኩ። ልንገራችሁ፣ ረሃቤን ረሳሁት። ሰዎቹ ይህን ነገር «የጠፈር የእግር ጉዞ» ይሉታል። ሳነበው ግን እግር ምንም ሥራ የለውም። የሚሄዱት በእጃቸው ነው፤ ከእጀታ ወደ እጀታ እየተቀባበሉ። እግራቸው ከኋላ እንደ ተረሳ ዕቃ ይጎተታል። የተማርኩትን በልቤ ይዤ፣ ሲመሽብኝ ደግሞ አደይ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ኢስትሊ ተመለስኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ማታቱ ላይ «ገብቷል በላቸውና ተገላገል» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አደይ ግን ውሸት ከሩቅ ይሸታቸዋል፤ ያረረ ሽንኩርት ከሚሸታቸው በላይ። ስለዚህ ገብቼ «መግባቱን አላገኘሁም፤ አወጣጡን ግን አግኝቻለሁ» አልኳቸው።

«በል ንገረኝ» አሉ፤ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው።

እኔም አስተማሪ ነኝና ጀመርኩ። ሰውዬው ዝም ብሎ ብድግ ብሎ አልወጣም፣ አልኳቸው። ከመሄዱ በፊት ለብዙ ወራት አንድ ትልቅ የዋና ገንዳ ውስጥ ያንኑ ልብስ ለብሶ ውሎ ገብቷል። እንዳይሰምጥም እንዳይንሳፈፍም በክብደት ያመዛዝኑታል፤ ጠላቂዎች ዙሪያውን ሆነው ይጠብቁታል። ውጭ የሚፈታውን እያንዳንዱን ብሎን ውሃ ውስጥ ደጋግሞ ፈትቶ አስሮታል።

«ልብሱን ማን ያለብሰዋል?»

«ጓደኛው። ብቻውን ሊለብሰው አይችልም። ከውስጥ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዝ፣ ቀጫጭን የውሃ ቱቦ የተሰፋበት ልብስ አለው፤ ከላዩ ድርብርብ ነው። አየር ሲሞላ እንደ መኪና ጎማ ይጠጥራል። ጣቱን ለማጠፍ እንኳ መታገል አለበት፤ ሲመለሱ እጃቸው ዝሎ ነው።»

«አፍንጫውን ቢበላውስ?»

የዚህን መልስ ሳላነብ የመጣሁ እንዳይመስላችሁ። «ቆቡ ውስጥ አንድ ትንሽ ስፖንጅ አለች አደይ። ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ይታከካታል።»

አደይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ስፖንጅ ያሰበ ሰው ደስ አላቸው መሰለኝ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። እኔም በረታሁ። ከመውጣቱ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ እንደሚተነፍስ ነገርኳቸው፤ ያለዚያ ውጭ ሲወጣ ደሙ ውስጥ ያለው ሌላው አየር የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚያደርገው አረፋ ይሆንበታል። ከዚያ በሁለት በር መሀል ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይገባል። የውስጡ በር ከኋላው ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። የክፍሉ አየር ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ነው የውጭው በር የሚከፈተው። ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ተከፍተው አያውቁም።

«እንግዲህ ባዶ ላይ ወጣ» አሉ አደይ። «ታዲያ ታስሯል?»

«አዎ፣ ታስሯል።»

«ተመስገን አምላኬ!»

በዚያ ዘመን የሰው መታሰር ተሰምቶ ተመስገን ሲባል እኔ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። ገመዱ በእኛ ቴሌቪዥን አይታይም እንጂ ከወገቡ ነው የታሰረው፤ ቦታ ሲቀይር አዲሱን መንጠቆ ሳይቆልፍ የድሮውን አይፈታም፤ መፍቻው እንኳ በክር ታስሯል፤ ካመለጠው አይመለስምና፤ ብዬ አስረዳኋቸው።

«በሩንስ ማን ይጠብቅለታል?»

«ውስጥ የቀሩ ጓደኞች አሉ። ቀጥሎ የሚያደርገውን እያነበቡ ይነግሩታል።»

«እነሱ ቢያንቀላፉ?»

«ምድር ላይ ደግሞ ሐኪሞች አሉ አደይ። ልብሱ ውስጥ በተሠራ ነገር የልቡን ምት ይሰማሉ።»

«የልቡን ምት?»

«አዎ።»

«እዚህ ምድር ላይ ሆነው?»

«እዚሁ ሆነው።»

አደይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከታች ማታቱዎቹ ይጮሃሉ፣ ሱቆቹ ጨርቅ ይለካሉ። «መታደል ነው» አሉ። ስለ ሐኪሞቹ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ድንገት ተነሡ። «ያሳየን ቴሌቪዥኑ ነው። ይናገር እንግዲህ። ደውልላቸው።»

ስልክ ያለው ምድር ቤት፣ ሶማሌው ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ዐብዲ የሚባል፣ ሰው ሲደውል ላለመስማት ዘወር የሚል ግን አንድም ቃል የማያመልጠው ጨዋ ሰው ነበር። ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ደወልኩ። ካንዱ ወደ ሌላው ሲያቀባብሉኝ ቆይተው አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት ዘንድ ደረስኩ። በእንግሊዝኛ፣ ትናንት ያሳያችሁት ጠፈርተኛ ተመልሶ ገብቷል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ዘመድህ ነው እንዴ አለችኝ። አይደለም፣ ግን እዚህ አንዲት እናት አሉ፣ ምግብ አልበላም ብለዋል፣ አልኳት። መሳቋን አቆመች። ቆይ አለችኝና ወንበር ሲንኳኳ፣ ጫማዋ ሲርቅ ሰማሁ። ስትመለስ ቀድማ የጠየቀችኝ እኚያን እናት እንዳገናኛት ነው።

አደይ የስልኩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙት። ስዋሂሊያቸው የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ለቲማቲም የሚበቃ። ለዚህም በቃ።

«አሜኢንጊያ?» አሉ። ገባ ወይ ማለታቸው ነው።

ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። «ንዲዮ ማማ። አሜኢንጊያ።» አዎ እናቴ፣ ገብቷል።

ሴትዮዋ ቀጥላ ፊልሙ ከባሕር ማዶ እስኪደርስ ቀናት እንደፈጀበት፣ ሰውዬውም እኛ ባየነው ጊዜ ድሮ ገብቶ፣ ምድርም ወርዶ፣ ከቤተሰቡ ጋር እንደነበረ ነገረቻቸው። አደይ ግን ከ«አሜኢንጊያ» በኋላ ያለውን የሰሙ አይመስለኝም። ስልኩን ለእኔ ሰጥተው ሱቁ መሀል ቆመው «ገባ! ገባ! ልጁ ገባ!» እያሉ አለቀሱ። እንደ ጉድ አለቀሱ። ለሳምንታት የተጠራቀመው ሁሉ ነው በዚያ በማያውቁት ፈረንጅ ሰበብ የወረደው። ዐብዲ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» አላቸው፤ የሱም ዓይን ረጥቧል። ትከሻቸውን ደግፌ ወደ ላይ አወጣኋቸው። ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። እኛም ተመስገን አልን። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ለካ ዐብዲ የሰማው «ልጁ ገባ» የሚለውን ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የመጡት ፓስታው ሳይፈላ ነው፤ ሁለት ሴቶች ስኳር ይዘው። «እንኳን ደስ አለዎት አደይ፣ እንኳን አገናኘዎት!» ቀጥሎ ከማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ለስላሳ መጠጥ በሳጥን አሸክሞ መጣ። ከዚያ ደረጃው በሰው ሞላ። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ የኪኩዩዋ አትክልት ሻጭ ሳትቀር። እልልታው ከታች እስከ ላይ ነው። አንዷ «የታል? ተኝቶ ነው?» ብላ ወደ ጓዳ ልታይ ተንጠራራች።

አደይ ማማሰያቸውን እንደያዙ ማእድ ቤቱ በር ላይ ደርቀው ቀሩ። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ቀጥሎ ሲገባቸው ፊታቸው እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። እኔን አዩኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ወንበር ላይ ወጣሁና፣ እባካችሁ አንዴ ስሙኝ፣ የገባው ዮሐንስ አይደለም አልኩ።

«ታዲያ ማነው?»

«ጠፈርተኛው ነው።»

ስኳር ያመጡት ሴቶች ስኳሩን አይተው እርስ በርስ ተያዩ፤ ይዘነው እንመለስ ወይስ እንተወው የሚል ነገር አይናቸው ላይ ነበር። ዐብዲ በሩ ጥግ ሆኖ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። አደይ ማንንም አልተቆጡም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። «ቁጭ በሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ከደጄ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም። ፓስታው ደርሷል።» ድምፃቸው ፓስታ የሚያቀርብ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እንግዶቹ እንደ ለቅሶ ቤት ጥጋጥጉን ይዘው ተቀመጡ። በዚህ መሀል ደረጃው ላይ የከባድ ሰው ርምጃ መጣ፤ በሰው መሀል እየገፋ፣ በአቧራ ቀይ አፈር የመሰለ ሰው ብቅ አለ። ሐጂ ኑሩ ነበሩ፤ ከሞያሌ ኢስትሊ ጨርቅ የሚያመላልሱ የወሎ ሰው፣ የአደይ የመርካቶ ዘመን ጎረቤት። ከጭነት መኪናው የወረዱት ገና አሁን ነው። ፊታቸው በንዴት ቀልቷል።

«ማነው የቀደመኝ?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

ሁሉም ወደ ዐብዲ ዞረ።

«እኮ ማነው የቀደመኝ? መንገድ ለመንገድ ስንገላታ የመጣሁት ይቺን ብሥራት በአፌ ለመንገር ነበር። ከመኪናው ሳልወርድ ገና ሰዉ ሁሉ ‹የለተብርሃን ልጅ ገባ› ይለኛል! ከእኔ በፊት ማን ከሞያሌ መጣ?»

ማማሰያው ከአደይ እጅ ወደቀ። «ምን አልክ አንተ ኑሩ?»

«ዮሐንስ ነዋ! ሞያሌ ነው፤ በዚህ በኬንያው በኩል። እኔው ቤት አድሮ፣ እኔው ጋ ቁርስ በልቶ ነው የተለየሁት። እግሩ ትንሽ አብጧል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ጫካ ለጫካ ሲዞር ነው የዘገየው። የመንገድ ወረቀት እየጠበቀ ነው፤ እንደ ደረሰው በሚቀጥለው መኪና ይመጣል።» ዙሪያቸውን አዩ። «ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ ኩርምት ያላችሁት? እንኳን ደስ አለሽ የሚል ሰው የለም?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም፤ ማንም አያስታውስም። የማስታውሰው እልልታው ሁለተኛ መነሣቱን፣ ከመጀመሪያው በእጥፍ መብለጡን፣ ዐብዲ «እኔ ምን ብዬ ነበር!» እያለ ሰው ሁሉ ሲያቅፍ ነው። አደይ ግን አላለቀሱም። እንባቸውን ጠፈርተኛው ጨርሶታል። ወንበር ላይ ቁጭ አሉና፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሐጂን ቀና ብለው አዩአቸው።

«ቁርስ ምን ሰጠኸው?»

«ዱለት።»

«በላ?»

«ደገመ።»

«እሰይ» አሉ። እንዲህ ብለው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ያን ያህል ረጅም ትንፋሽ ከሰው ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እኔም የተነፈስኩ መሰለኝ፣ ቤቱም የተነፈሰ መሰለኝ። ሐጂ ኑሩ ብቻ ብሥራታቸውን ማን እንደሰረቃቸው እስኪያውቁ ፓስታውን አልነካም አሉ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከገንዳው እስከ ስፖንጁ፣ አስረዳኋቸው። ሰሙኝና «ፈረንጅ ቀደመኝ በለኛ!» ብለው ሹካቸውን አነሡ።

ዮሐንስ በሚቀጥለው መኪና ሳይሆን ከሱ በኋላ በመጣው ደረሰ። አደይ ካሳዩን ፎቶግራፍ የከሳ፣ ትንሽ የሚያነክስ፣ ሲስቅ የእናቱ ፊት ያለው ልጅ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ አወጣጡን ጠየቀው። ጅብ አላየሁም አላቸው። ብዙ ሰው ቅር ብሎት ሄደ።

እሑድ ደርሶ አደይ ለምስጋና ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። ቤተ ክርስቲያን ስል በዚያን ጊዜ ለጸሎት የተዋስናት አንዲት አዳራሽ ናት፤ በአዘቦት ቀን ልጆች የሚማሩባት፣ ግድግዳዋ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ የተለጠፈባት። ካህኑ አዛውንት ናቸው፤ ለወጣው፣ ለጠፋው፣ ለታሰረው ሲጸልዩ ድምፃቸው የሻከረ። አደይ ቀርበው የምስጋና ጸሎት እንዲያደርሱላቸው ለመኑ።

«የማንን ስም ልጥራ?» አሉ አባ።

«ዮሐንስ፣ ልጄ።»

«እሺ። ሌላስ?»

አደይ ወደ እኔ ዞሩ። ያ ጋዜጣ ላይ ያነበብኩት ስም ምላሴ ላይ ሊስተካከልልኝ አልቻለም፤ ቢስተካከልም ለቅዳሴ የሚሆን አልነበረም። አደይ ጥቂት አሰቡና «ወልደ ሰማያት» አሉ።

«ደግ ስም ነው» አሉ አባ። «ዛሬ ዛሬ ማንም አያወጣውም። የት ነው የነበረው?»

«ውጭ ነበር።»

«ውጭ የት? አሜሪካ?»

«ይርቃል።»

«አውስትራሊያ?»

አደይ ውሸት አይወዱም። «ይርቃል አባ» አሉ።

አባ አዘኑ። ከአውስትራሊያ ወዲያ የትኛው አገር እንዳለ ባያውቁም ዘመኑ ሰውን ያላደረሰበት ቦታ እንደሌለ ያውቃሉ። «እናቱ እንዴት ቻለችው!» አሉና «ለመሆኑ ተመልሶ ገባ?»

«ገባ አባ። በሰላም ገባ።»

አባ መስቀላቸውን አነሡ። የዮሐንስን ስም ጠሩ፣ ከሱ ቀጥለው ወልደ ሰማያትን ጠሩ፤ ከሩቅ ላገባኸው ብለው ረዘም አድርገው አመሰገኑ። ዮሐንስ ከጎኔ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ወልደ ሰማያት ማነው?» አለኝ።

«ወንድምህ ነው» አልኩት። «አሜን በል።»